ፀሐይ ከአጋሮ ደሴ እስክትደርስ

ከደሴ የተነሣሁት መጋቢት ሊወጣ ሲል ነው። ወደ ባለቤቴ አገር ስሄድ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ናስር በጥቅምት ሞተ። ባል የሞተባት ሴት ከቤቷ ሳትርቅ የምትቆይበትን የዒዳ ጊዜ ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ግቢያችን ጨረስኩ፤ ከዚያ ለጎረቤቶቼ «አጋሮ ደርሼ ልምጣ» አልኳቸው። ከተመለስኩ ወዲህ እንዴት ነበር እያሉ ይጠይቁኛል። በአፌ ስጀምረው እንባ ይቀድመኛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ ያን አገር የማያዩት ያንብቡት።

የሄድኩት አንድ ጥላ ሲጠፋ ለማየት ነው።

ናስር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የተወለደው ከአጋሮ ትንሽ አለፍ ብላ ባለች የቡና ከተማ ነው፤ ሲያስተምር የኖረው ደሴ። በተጋባን ሰሞን የነገረኝን እስኪሞት ድረስ ደጋግሞታል። «እኛ ግቢ አባቴ የቡና ሚዛን የሚሰቅልበት ምሰሶ አለ። ሚያዝያ እንደገባ አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የምሰሶው ጥላ ሥሩ ገብቶ ይጠፋል። ፀሐይዋ ልክ አናቱ ላይ ናት። በማግሥቱ ወደ ሰሜን መንገዷን ትቀጥላለች፣ ወደ እናንተ አገር። ደሴ እስክትደርስ ዐሥር ቀን ያህል ይፈጅባታል።» ከዚያ ይሥቅና «እኔ ግን ወዳንቺ ስመጣ በሁለት ቀን ነው የደረስኩት» ይላል።

አንድ ሚያዝያ ወስዶ ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሚያዝያ ደግሞ ትምህርት የሚጠብቅበት ወር ስለሆነ የምንሄደው ሁልጊዜ በክረምት ዕረፍት ሆነ። ፀሐይ ከሰሜን ስትመለስ በነሐሴ መጨረሻ ያንኑ ምሰሶ ዳግመኛ በአናቱ ታልፋለች፤ ግን ደመናው አያሳያትም። እኔ የማውቀው አጋሮ ጭቃ፣ ጉምና የሚንጠባጠብ ቆርቆሮ ነው። «ጡረታ ስወጣ ሚያዝያ የእኛ ነው» አለኝ። ጡረታው ዘንድሮ ነበር።

በዒዳዬ ወራት ቀኑን የምለየው በልብስ ማስጫው ብረት ጥላ ነበር። በጥቅምት የቀትር ጥላው አጭር ነበር። በኅዳር ረዘመ፣ በታኅሣሥ እስከ ውሃው በርሜል ደረሰ። የሚተኛው ወደ ሰሜን ነው፤ ለእኛ ወደ ቂብላ ማለት ነው፣ ናስርን በመቃብሩ ፊቱን ወዳዞርንበት። ቀኑም አብሮ አጠረ፤ ሌሊቱ ግን ጥርት ያለ፣ ውርጭ የሚጥል ነበር። ከጥር ወዲህ ጥላው መልሶ ይሰበሰብ ጀመር። ልጃችን ሰሚራ የምትማረው ስዊድን ሰሜኑ ጫፍ አካባቢ ነው። በታኅሣሥ ደውላ «እማ፣ እዚህ ምሳ በልተን ስንወጣ ጨልሟል» ስትለኝ በበርሜሉና በብረቱ መካከል ያለችውን ያችን እርምጃ አየሁና የእኛ የታኅሣሥ ፀሐይ ምን ያህል ትንሽ እንደምትርቅ ገባኝ። ናስር ለተማሪዎቹ «ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን መቁጠር የቻልነው ፀሐይ ቀጠሮ ስለምታከብርልን ነው፤ ሰሚራ ያለችበት አገር ቢሆን አንድ ሰዓት የት እንዳለ ፈልገን አናገኘውም ነበር» ይላቸው ነበር።

ለባለቤቴ ታላቅ እህት ለአዴ ዘይቱና አንድ ብልቃጥ ማር ያዝኩ። አዴ የሚሉት እንደ እኛ እትዬ ማለት ነው። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። «ወደ ጅማ ማር? ወደ አፋርስ ጨው ይዘሽ አትሄጂም?» አሉኝ። እኔ ግን ናስር ዳቦውን የሚበላበት ማር ስለሆነ ነው የያዝኩት። ደሴ በጠዋት ማር እንደ ቅቤ ደርቆ ማንኪያ ያቆማል። ስለዚህ ክዳኑን አላጠበቅሁትም።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ስንነሣ ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ አወረድኩት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ተከፈተ፣ ጣርማ በር ላይ መልሼ ለበስኩት። ናስር ይህን መንገድ ይወድደው ነበር። «የሰሚራ አገር ሰው ሙቀትና ብርድ ለማየት ግማሽ ዓመት ይጠብቃል። ለእኛ አውቶቡስ መሳፈር ይበቃናል» ይላል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ከዓመት ዓመት ብዙ አትርቀንም፤ ሙቀታችንን የሚያወጣና የሚያወርደው ከፍታው ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከደብረ ሲና ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተኙ። ልቀሰቅሳቸው አልፈለግሁም። አንድ ሰው ትከሻዬ ላይ ከተኛ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ራት እየበላን ሰሚራ ደወለች። በምስል ነው። ከኋላዋ መስኮቱ ብርሃን ነው።

«እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት።

«መሽቷል እኮ እማ። ፀሐይዋ ግን አልገባችም። በሚቀጥለው ወር ጭራሽ መጋረጃ ሳልጋርድ አልተኛም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እዚያ ሄደሽ ደመና ቢሆንብሽስ?» አለችኝ።

«እመለሳለኋ።»

«አትዋሺኝ። ታለቅሻለሽ።»

እውነቷን ነው። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ዝናቡ ከገባ የሚቀጥለው ዕድል በዓመቱ ነው፤ ናስር የሌለበት ሁለተኛ ዓመት።

በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ። አጠገቤ የተቀመጠችው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ስልኳን እየነካካች ትሥቃለች፣ መሐል ላይ ብስኩት ታካፍለኛለች። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ መጣ። ከወንዙ ወዲያ ዳገቱን እንደ ጀመርን ልጅቷ እግሯን አነሣች።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ የሆነ ነገር እየፈሰሰ ነው።»

ማሩ ነው። እንደ ቅቤ የቆመው ማር በጊቤ ሙቀት ውሃ ሆኖ፣ ካልጠበቀው ክዳን ወጥቶ፣ ጋቢዬን አርሶ ወለሉ ላይ ይሄዳል። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና «እናቴ፣ ንብ ሊከተለን ነው» አለ። አውቶቡሱ ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ሥቄ ሳልጨርስ ናስር ቢሰማ ከሙቀት ጋር አያይዞ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንደሚያስተምርበት ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። ልጅቷ ሶፍት አውጥታ እጄን ጣት በጣት ጠረገችልኝ።

አሰንዳቦ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ጋቢዬን ስታይ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ይምጡ» ብላ ወደ ጓሮዋ አስገባችኝ። ጋቢውን ከእጄ ወስዳ በጄሪካን ውሃ ራሷ አጠበችው። እስኪደርቅ የቀትሩን ሶላት ዙህርን እንድሰግድ ምንጣፍ አነጠፈችልኝ።

«ለማን ነበር ማሩ?»

«ለባለቤቴ እህት። አጋሮ።»

«ባለቤትዎስ?»

«ሞቷል።»

ጋቢውን እንደገና ጠመዘዘችው፤ ውሃው አልቆ ነበር። «አላህ ይርሐመው» አለች። ስንነሣ ብልቃጡ ውስጥ የተረፈውን ማር አየችና ክዳኑን በላስቲክ ጠፍራ ሰጠችኝ። የደሴ ሰው ደግ ነው እንላለን፤ ነው። ግን እንግዳውን መጀመሪያ የማን ልጅ ነህ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ መጀመሪያ ያጥባሉ፣ በኋላ ይጠይቃሉ።

ጅማ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ቦሳ አዲስ አካባቢ አንዲት ንጹህ አልጋ ቤት አገኘሁ። መግሪብ ከደሴው ዘግይቶ ተጠራ፤ ወደ ምዕራብ ስለመጣሁ ፀሐይዋ ለእኔ ትንሽ ቆየች። ሌሊቱ ጋቢ አያስፈልገውም። ደግነቱ ጋቢዬም ገና እርጥብ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ሚያዝያ መባቻ ነው። በሚኒባስ ወደ አጋሮ፣ ከዚያ በባጃጅ። መንገዱ በጥላ ውስጥ ነው የሚሄደው። ቡና እዚያ አገር ፀሐይ በቀጥታ አይነካውም፤ ከላዩ ዋንዛና ብርብራ ይቆሙለታል፤ አበባው በዚያ ሰሞን ፈክቶ ነጭ ነበር። እኛ ደሴ ላይ ጠዋት ፀሐይ ፍለጋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እንሄዳለን። እዚህ ሰው የሚኖረው ከፀሐይ ተደብቆ ነው። እያየሁ ፈራሁ፤ ጥላ በሚጠፋበት ቀን በጥላ አገር ምን ክፍት ቦታ አገኛለሁ ብዬ።

ክፍት ቦታስ ነበር። ናስር እንዳለው ግቢው መሐል ቡና የሚሰጣበት ሲሚንቶ አለ፤ ለቀማው ካለፈ ወራት ስለሆነው ባዶ ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ምሰሶው። ግን በር ላይ ስደርስ ያየሁት ምሰሶውን አልነበረም። ድንኳን ነው ያየሁት። የእድሩ ትልቅ ሸራ ሲሚንቶውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ፣ ልክ መሐሉ በዚያ ምሰሶ ተወጥሮ።

ናስር ሲሞት እዚህ አንድ ጊዜ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አሁን የለቅሶው ባለቤት ራሷ ስትመጣ ሰው ቤት ውስጥ ተጨናንቆ አይቀበላትም ብለው እንደገና ተከሉት። «ከደጋ ነው የምትመጪው፤ ፀሐይ እንዳይመታሽ ብለን ነው» አሉኝ አዴ ዘይቱና፣ አንገቴን ይዘው። ቀና ብዬ ሸራውን አየሁ። ምን እላለሁ? ሃያ ሰው የደከመበትን። አለቀስን። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ ሸራው ከበሮ ሆነ። ጎደሬ በዳጣ በላን፤ እኛ ድንች እንደምንበላው፣ ግን ዳጣው ዓይን ያስነባል፤ ለለቅሶ ቤት ጥሩ ምግብ ነው። የእድሩ ዳኛ አባ መጫ ከጎኔ ሆነው በቅቤ የተቆላ ቡና ከነገለባው በመዳፌ አስቀመጡልኝና መረቁኝ። ሌሊት የቀረችኝን አንዲት ቀን እያሰብኩ ተኛሁ።

ንጋቱ ብራ ነበር። አንድ የደመና ክር የለም። እኔ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ያጽናናኛል። ሸራው ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ብርሃኗ እንደ ሳንቲም ሆኖ ሲሚንቶው ላይ ይሄዳል። እሷን ስከተል አዴ ዘይቱና አዩኝ።

«አንቺ መዲና፣ ሸራው ላይ ምን ተጽፏል?»

«ምንም።»

«ለምንም ነገር ሰው እንዲህ አያንጋጥጥም። ተናገሪ።»

ነገርኳቸው። ስለ ምሰሶው፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ጡረታው። ሰሙኝና ጭናቸውን መቱ።

«ያቺ የጥላ ነገር! ልጅ ሆነን ጫማዬን አስወልቆ በዚህ ሲሚንቶ ላይ አቁሞ እግሬን አስጠብሶኛል። ሌላው ከወንድሙ ጋር በምግብ ይጣላል፤ እኔና ናስር በፀሐይ ነበር የምንጣላው። ለምን ትናንት አልነገርሽንም?»

«ለእኔ ብላችሁ የተከላችሁትን ንቀሉ ልበል?»

እሳቸውም ተነሥተው ወደ ወንዶቹ ሄዱ።

«አባ መጫ፣ ሸራውን አንሡልን።»

«ምነው፣ ተቀደደ?»

«መዲና ፀሐይ ማየት ፈልጋለች።»

አባ መጫ በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ዞረው አዩኝ። «ድንኳን የሚነሣው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ዱዓ ከተደረገ በኋላ። ከዚያ በፊት የተነሣ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ይጠራል ሲባል ነው የኖርነው። ነገ ትያት። ፀሐይ የት ትሄዳለች?»

«ወደ ደሴ» አልኩ ሳላስበው።

ሰው ሣቀ። እሳቸው አልሣቁም። «ማን አለ?»

«ናስር።»

ከዚያ አስረዳኋቸው። ነገም ቢሆን ልዩነቱ ጣት እንደማይሞላ አልደበቅሁም፤ ናስር ራሱ ብሎኛል። የምፈራው ሰማዩን እንደሆነ፣ ትናንት እንደዘነበ፣ ነገ ከደመነ ለዓመት እንደሆነ ነገርኳቸው። አባ መጫ በዘንጋቸው ሲሚንቶውን መታ መታ አደረጉ።

«አይነሣም» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። «ካስማዎቹ ከመሬት አይነቀሉም። ካስማው መሬት ውስጥ እስካለ ድንኳኑ አለ። ግን ገመዱን ከምሰሶው ፍቱትና ሸራውን ወደ ጎን ጠቅልሉት። ናስር ለእንግዳ ቃል ገብቶ ሲያበላሽ አላየሁም፤ ዛሬም እኛ አናበላሽበትም።»

ወንዶቹ እያጉረመረሙ ጠቀለሉት። ብርሃኑ እንደ ውሃ ገባ። ለቀስተኛው ሁሉ ጋዜጣ፣ ኮት፣ ሰፌድ አናቱ ላይ ያደርግ ጀመር። የምሰሶው ጥላ ወደ ምዕራብ ተጋድሟል፤ ክንድ አይሞላም። ቀስ እያለ ያጥራል። ስድስት ሰዓት ሆነ። ጥላው ግን አለ።

«ስድስት ሞላ» አለ አንዱ። «የመምህሩ ሒሳብ ስቷል።»

«ቀትር በሰዓት አይደለም» አልኩ። «ደሴም ላይ ከስድስት ያልፋል። እናንተ ደግሞ ወደ ምዕራብ ናችሁ፤ ፀሐይዋ ከእኛ ጋር ጨርሳ ነው የምትመጣላችሁ። እስከ ዙህር አዛን ታገሡኝ።»

«እስከ ዙህር እኛ ቆሎ እንሆናለን» አለ ሌላው።

«አንተ ድሮም ጥሬ ነህ» አሉት አዴ ዘይቱና።

ከጌራ በኩል አንድ ደመና መጣ። ትንሽ ናት፣ ግን መንገዷ ወደ እኛ ነው። ደርሳ ፀሐይዋን ሸፈነች፤ የሁላችንም ጥላ ሲሚንቶው ላይ ደበዘዘ። አዴ ዘይቱና እጄን ጨምቀው ያዙ። ቆየች። ደመናዋ በጣም ቆየች። ከዚያ ዳርዋ ነጣ፣ ፈካ፣ አለፈች።

ምሰሶው ጥላ አልነበረውም። ዙሪያውን በሙሉ ብርሃን ነው፤ ሥሩ እንኳ የጥቁር ክር የለም። የሰው ሁሉ ጥላ እግሩ ሥር ገብቷል። አባ መጫ ዘንጋቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙና ጎንበስ ብለው አዩ። «ዕድሜዬን እዚህ ጨርሼ» አሉ፣ «ይህቺን አላየኋትም። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ከዛፍ ሥር ነኝ።» መዳፌን ምሰሶው ላይ አደረግሁ። እንጨቱ ትኩስ ነበር።

ሳየው ሐዘኑ የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። ግን መጀመሪያ የመጣልኝ «ማታ ለናስር እነግረዋለሁ» የሚል ሐሳብ ነው። ያየሁትን የምነግረው ሰው እርሱ ነበር። ቆሜ ይህንን ስለምድ አዛኑ ተጠራ፤ ዝቅ ብዬ ሳይ በምሰሶው ምሥራቅ በኩል እንደ ክር ቀጭን ጥላ ብቅ ብሏል።

ወንዶቹ ሰግደው ሲመለሱ ሸራውን መልሰው ወጠሩት። ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንደ ትናንቱ ዘነበ። አባ መጫ ከሸራው ሥር ዝናቡን እያዩ «ነቅለነው ቢሆን ኖሮ?» አሉ፣ ደጋግመው፣ በጣም ደስ ብሏቸው። በማግሥቱ ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ አልተከፈተም። ዱዓው ተደረገ፣ ድንኳኑም በወጉ ተነቀለ።

ጥቂት ቀን ሰነበትኩ። ስመለስ አዴ ዘይቱና ብልቃጤን በራሳቸው ማር ሞልተው ሰጡኝ። «ክዳኑን እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ። በጊቤ በረሃ አልፈሰሰም፤ ደሴ ስደርስም ልከፍተው አቃተኝና የጎረቤት ልጅ ከፈተልኝ።

ፀሐይ ደሴ የደረሰችው እንደተባለው ነው። ቀትር ላይ ከልብስ ማስጫው ብረት አጠገብ ቆምኩ። በታኅሣሥ በርሜሉን የነካው ጥላ ብረቱ ሥር ገብቶ ጠፋ። ወዲያው ወደ አዴ ዘይቱና ደወልኩ።

«ደረሰች» አልኳቸው።

«እኛ ጋ ገና ነው። እኔም ከምሰሶው አጠገብ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ እንደሚያዩት ያኔ ነው የነገሩኝ። «አሁን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሯል፣ ጀርባውን ለቂብላ ሰጥቶ። ስንዝር አይሞላም። ግን ቀትር እስኪሆን ትንሽ ይቀራል። ስልኩን አትዝጊው።»

አልዘጋሁትም። በእሳቸው በኩል የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል፣ በእኔ በኩል የጦሳ ነፋስ። እኔ ጋ ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲወጣ አየሁት፤ ፀሐይዋ ከግቢዬ ተነሥታ ወደ ናስር ግቢ እየሄደች ነበር። ሁለት ሴቶች ስልክ ይዘን ዝም ብለን ጠበቅናት።

«መዲና።»

«አቤት።»

«ደርሳለች» አሉኝ።